የስፖርት ማኔጅመንት ቴሲስን ጆርናል ላይ ማውጣት፦ ጎንደር ሆኖ የሞከረ አለ?

የማራኪ_ልጅ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ማስተርሴን በስፖርት ማኔጅመንት ጨርሼ አሁን ጎንደር ነው ያለሁት። አስተምራለሁ። ከሌክቸረር ወደ ረዳት ፕሮፌሰር ለማደግ የታተመ ጽሑፍ እንደሚያስፈልግ ታውቃላችሁ።

ቴሲሴ በክልላችን ባሉ የእግር ኳስ ክለቦች የፋይናንስ አስተዳደር አተገባበርና ተግዳሮቶች ላይ ነው። የክለብ ሰዎችን መጠይቅ አስሞልቻለሁ። ከአመራሮችና ከደጋፊዎችም ጋር ረጅም ቃለ መጠይቅ አድርጌያለሁ፤ ግን ቴሲሱ ውስጥ ብዙም አልገባም። አማካሪዬ ቁጥር ነበር የሚፈልገው።

አሁን አንድ ጆርናል ኢሜይል ልኮልኛል። "ክብርት ፕሮፌሰር" ይለኛል፣ ጉድ ነው! በ72 ሰዓት ገምግመን እናትማለን፣ ክፍያው 150 ዶላር ብቻ ነው፣ ኢምፓክት ፋክተራችን ከ7 በላይ ነው ይላል። አንዱ ባልደረባዬ "ላኪውና ተገላገይ" አለኝ። ሌላው ደግሞ "ትልልቆቹ ላይ ካልሆነ አትድከሚ" ይላል። ማንን ልስማ?

ሳሙና_በር

150 ዶላሩን ለኔ ላኪልኝ። በ24 ሰዓት አትሜ የክፍልሽ በር ላይ እለጥፍልሻለሁ።

የላይብረሪው

ቀልዱ እንዳለ ሆኖ፣ እህቴ፣ እንዳትልኪ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ሁለት ገምጋሚ ፈልጎ፣ አንብበው፣ አስተያየት ጽፈው፣ አንቺ አስተካክለሽ በ72 ሰዓት የሚያልቅ ነገር የለም። ደህና ጆርናል ላይ ወራት ይፈጃል። ከዓመት የሚያልፍም አለ። ስለዚህ ፍጥነቱን እንደ ጥቅም ካቀረበልሽ እዚያው ላይ ጠርጥሪ።

ሰው የሚታለልባቸውን ነገሮች ልንገርሽ። አይኤስኤስኤን ቁጥር አለው ብለሽ አትመኚ። እሱ መለያ ቁጥር ነው፤ ለማንኛውም ተከታታይ ኅትመት ይሰጣል፣ ስለ ጥራት የሚናገረው ነገር የለም። ኢምፓክት ፋክተር የሚባለውን፣ የጆርናሉ ጽሑፎች በአማካይ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ የሚያሳየውን ቁጥር፣ የሚያወጣው ክላሪቬት የሚባለው ድርጅት ነው። "ግሎባል" ምናምን የሚል ቅጥያ ያለው ኢምፓክት ፋክተር ካየሽ ከሌላ ሱቅ የተገዛ ነው። "ስኮፐስ ላይ አለን" ካሉሽ ደግሞ የእነሱን ገጽ ትተሽ ስኮፐስ የሚባለው የጆርናሎች ማውጫ ራሱ ላይ ግቢ። የጆርናሎቹ ዝርዝር ያለ ክፍያ ይታያል። ስሙን ብቻ ሳይሆን አይኤስኤስኤኑን አስገቢ፤ የታወቀ ጆርናል ስም ሰርቀው ሌላ ድረ ገጽ የሚከፍቱ አሉና። ከዝርዝሩ የተሰረዘም ሊሆን ስለሚችል እስከ መቼ እንደተመዘገበ እዪ።

ብዙ ሰው አሁንም አጭበርባሪ የሚባሉ ጆርናሎች የተዘረዘሩበትን "የቢል ዝርዝር" ይላል። ጄፍሪ ቢል ኮሎራዶ ውስጥ የላይብረሪ ባለሙያ ነበር፤ ዝርዝሩን እ.ኤ.አ. በጥር 2017 አውርዶታል። ከዚያ ወዲህ የምታገኟቸው ሌሎች ሰዎች ያስቀመጡት ቅጂ ነው። እኔ "ቲንክ ቼክ ሰብሚት" የሚለውን የጥያቄ ዝርዝር ነው የምመክረው። ለኦፕን አክሰስ፣ ማለትም ማንም ሳይከፍል ለሚያነባቸው ጆርናሎች፣ ደግሞ ዶአጅ የሚባለው ማውጫ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር። ከመላክሽ በፊት እድገት የሚያየውን ኮሚቴ ጠይቂ። የትኛውን እንደሚቀበሉ በጽሑፍ ይንገሩሽ። ከታተመ በኋላ "ይሄ አይያዝም" ተብሎ ያለቀሰ ሰው አውቃለሁ።

የማራኪ_ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስሙን ስኮፐስ ላይ ፈልጌው ነበር፣ አለ። አይኤስኤስኤኑን ሳስገባ ግን ሌላ አገር ያለ፣ ሌላ ጆርናል ነው የመጣው።

የላይብረሪው

ይኸውልሽ።

መምህር_ዘቸቸላ

ስለ ኢሜይሉ የተባለው ይበቃል። እኔ ወደ ጽሑፉ ልግባ።

"አተገባበርና ተግዳሮቶች" የሚል ርዕስ እኛ አገር ቴሲስ ያስጨርሳል። ለጆርናል ግን አይበቃም። እንዲህ ያለ ጥናት መጨረሻው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ የበጀት እጥረት፣ የባለሙያ እጥረት፣ የመሠረተ ልማት እጥረት፣ ጣልቃ ገብነት። ይህን ፒያሳ ቁጭ ብሎ ማኪያቶ የሚጠጣ ሁሉ ያውቀዋል። ኤዲተሩ ጎንደርን ባያውቅ እንኳ ዝርዝሩን ከሌላ አገር መቶ ጊዜ አንብቦታል። ስለዚህ ገምጋሚ ጋ ሳይደርስ ይመልሰዋል። ዴስክ ሪጀክት የሚሉት ይህንን ነው። አብዛኛው የኛ ሰው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ እንግሊዝኛው ስለከፋ ይመስለዋል።

ሌላው የተለመደ ነገር "ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ አልተጠናም" ብሎ ክፍተት ማሳየት ነው። ያልተጠና ነገርማ ሞልቷል። የአንገረብ ወንዝ ዳር የሚጫወቱ ሕፃናት የጫማ ቁጥርም አልተጠናም። ኤዲተሩ የሚጠይቀው "ይህን ባውቅ ስለ ስፖርት ድርጅት እስከ ዛሬ ከማውቀው ምን ይለወጣል?" ብሎ ነው። ለዚህ መልስ ከሌለሽ የትም ብትልኪው ይመለሳል።

አሁን እጅሽ ላይ ወዳለው ነገር እንምጣ። ያየሽው አይመስለኝም።

ከ2013 ወዲህ ፕሪሚየር ሊጋችን የሚካሄደው በተመረጡ ከተሞች ነው። ኮሮናና የቴሌቪዥን ስርጭቱ ተደራርበው የመጡበት ዓመት ነው። ክለቦቹ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ፋሲል ከነማ ጎንደር ላይ የሊግ ጨዋታ አያደርግም ማለት ነው። የትኬት ገቢ የለም። ስታዲየሙ ዙሪያ ማሊያ የሚሸጥ የለም። በሌላ በኩል ጨዋታው በሱፐርስፖርት መታየት ጀመረ። የክለቡ ዋና ጀርባ ደግሞ እንደ አብዛኞቹ ክለቦቻችን የመንግሥት በጀት ነው።

አውሮፓ ያሉ ተመራማሪዎች "የሜዳ ገቢ ቢጠፋ ክለብ ምን ይሆናል?" የሚለውን ለማየት ኮሮናን መጠበቅ ነበረባቸው። ያውም እዚያ ስታዲየሙ ባዶ ሆነ እንጂ ቡድኑ ከከተማው አልወጣም። ተመልካቹም ተመለሰ። እኛ ጋ ዓመታት አልፈውታል። ይህን የመሰለ ጉዳይ ይዘሽ "የበጀት እጥረት አለ" ብለሽ ልትጽፊ ነው?

ሪሶርስ ዲፔንደንስ የሚባል ቲዮሪ አለ። በአጭሩ፣ አንድ ድርጅት ገንዘቡን ከአንድ ሰው እጅ የሚያገኝ ከሆነ ያ ሰው ውሳኔውንም ይይዛል፤ ድርጅቱ ደግሞ ከዚህ ለማምለጥ መንገድ ይፈልጋል ነው ነገሩ። ያንቺ የፋይናንስ መረጃ ለዚህ ይሆናል። የሜዳ ገቢ ሲጠፋ ክለቡ በከተማ አስተዳደሩ ላይ ያለው ጥገኝነት ጨመረ ወይ? ከጨመረ፣ አመራሩ ምን አደረገ? ዝም አለ? ስፖንሰር ፈለገ? ደጋፊ ማኅበሩን ገንዘብ ማሰባሰቢያ አደረገ? ቴሲስሽ ውስጥ አልገቡም ያልሻቸው የአመራር ቃለ መጠይቆች እዚህ ላይ ወርቅ ናቸው።

12ኛው_ተጫዋች

እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፣ የዐፄዎቹ ደጋፊ ነኝ። መምህር ያሉት ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ፋሲል ሊጉን የበላው በ2013 ነው። ማለትም በሜዳው ባልተጫወተበት በመጀመሪያው ዓመት! ጎንደር ዋንጫውን ያየችው በቴሌቪዥን ነው። ስታዲየሙ ጢም ብሎ ሲዘምር በነበረባቸው ዓመታት ግን የሊጉን ዋንጫ አላነሳንም፤ በ2011 የኢትዮጵያ ዋንጫን ወሰድን እንጂ። ታዲያ "በሜዳ መጫወት ጥቅም አለው" የሚሉት ነገር የት ገባ? ይህንንም አጥኑልን።

መምህር_ዘቸቸላ

ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ግን ሌላ ጽሑፍ ነው። ውድድሩ በተመረጡ ከተሞች ሲሆን ጥቅሙን ያጣው ፋሲል ብቻ አይደለም። በሜዳው ብዙ ነጥብ ይሰበስብ የነበረ ክለብ የበለጠ ይጎዳል ብለን ነበር የምንጠብቀው። ያኔ የሆነው ግን ሌላ ነው። ውጤቶቹ የታወቁ ስለሆኑ ቁጥር የሚወድ ተማሪ ካለ ይውሰደው።

ዘአዘዞ

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ ሁላችሁንም አልስማማም።

ለማን ነው የምንጽፈው? ልጅቱ ስለ ጎንደር ክለብ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ጽሑፉ ከክፍያ ግድግዳ ጀርባ ይቀመጣል። የክለቡ ሥራ አስኪያጅ አያየውም፣ የከተማው ስፖርት መምሪያም አያየውም። ሜልበርን ያለ ሰው ያነበዋል፤ እሱም ካነበበው። እኛ ከሰው ጊዜ ወስደን፣ ምስጢር ሰምተን፣ ዕውቀቱን አውጥተን ለሌላ እንሰጣለን። አገር ውስጥ በሚታተም ጆርናል ላይ ብታወጣው ምን አለበት? ያውም በአማርኛ ቢሆን!

መምህር_ዘቸቸላ

የመጨረሻው ላይ ግማሽ ልቤ ካንተ ጋር ነው። ክለቡ የማያነበው ጥናት ያናድዳል።

ግን ሁለት ነገር አትቀላቅል። አገር ውስጥ ያለ ደህና ጆርናል ጥሩ ምርጫ ነው፣ ማንም አልናቀውም። ገምጋሚው አገሩን ስለሚያውቅ "ከነማ ምንድን ነው?" እያለ ሦስት ገጽ አያስጽፍህም። ችግሩ ገምጋሚው ያንተው ጓደኛ ሲሆን ነው። ዘርፉ ጠባብ ነው፣ ሁላችንም እንተዋወቃለን። ስም ተደብቆም የማን ጽሑፍ እንደሆነ ከርዕሱ ይታወቃል። ውጭ ስትልከው ግን ማንም የማያውቅህ ሰው ነው ሐሳብህን የሚፈትነው። ያ ፈተና ለሐሳቡ ይጠቅመዋል።

ለክለቡ ደግሞ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፊና ራስሽ ይዘሽ ሂጂ። ጆርናሉ ይህን አይከለክልሽም።

ዘአዘዞ

ሁለት ገጹን የሚጽፍ ሰው አይቼ አላውቅም። ሁሉም ከታተመለት በኋላ ደሞዙን ይቆጥራል።

ሳሙና_በር

ደሞዙ እኮ የሚቆጠር አይደለም ወንድሜ።

እናት_ጎንደር

የት እንደምትልክ ማንም አልነገራትም እኮ! ወንዶች ስትከራከሩ ጥያቄው ጠፋ።

እኔ በዘርፉ ዶክትሬቴን እየሠራሁ ነው፤ የማውቀውን ላካፍልሽ። ሦስቱ "ትልልቅ" የሚባሉት ጆርናል ኦፍ ስፖርት ማኔጅመንት፣ ስፖርት ማኔጅመንት ሪቪውና ዩሮፒያን ስፖርት ማኔጅመንት ኳርተርሊ ናቸው። የመጀመሪያው የሰሜን አሜሪካው ማኅበር ነው፣ ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይወጣል። ሁለተኛው የአውስትራሊያና ኒውዚላንድ፣ ሦስተኛው የአውሮፓ ማኅበር ነው። ሦስቱም ቲዮሪ ላይ ጥብቅ ናቸው። "ይህ ክለብ እንዲህ ነው" ብቻ ብለሽ ከሄድሽ ይመልሱሻል። አትሞክሪ አልልም። ግን ለመጀመሪያ ጽሑፍ ሌሎችም አሉ።

ማኔጂንግ ስፖርት ኤንድ ሌዠር ለአስተዳደር ጉዳይ ይሆናል። በጀቱና የከተማ አስተዳደሩ ሚና ካመዘነ ኢንተርናሽናል ጆርናል ኦፍ ስፖርት ፖሊሲ ኤንድ ፖለቲክስ አለ። የደጋፊዎቹ ታሪክ ደግሞ ሶከር ኤንድ ሶሳይቲ ላይ ቤቱን ያገኛል፤ እሱ እግር ኳስ ብቻ ነው የሚያወጣው። ስፖርት ለወጣት፣ ለሰላም፣ ለጤና በሚል የሠራ ሰው ካለ ጆርናል ኦፍ ስፖርት ፎር ዴቨሎፕመንትን ይየው።

ከመምረጥሽ በፊት የጆርናሉን "ኤይምስ ኤንድ ስኮፕ"፣ ማለትም ዓላማውንና የሚያወጣውን የጽሑፍ ዓይነት የሚገልጸውን ገጽ፣ አንብቢ። ከዚያ በቅርብ ካወጣቸው ጽሑፎች ያንቺን የሚመስሉትን አንብቢ። አንድም የሚመስል ካጣሽ ቦታሽ አይደለም። ካገኘሽ ደግሞ በጽሑፍሽ ውስጥ ተነጋገሪያቸው። እነሱ ያሉትን የጎንደር ጉዳይ የት ላይ ያጸናዋል፣ የት ላይ ያፈርሰዋል? ጽሑፍሽ በዚህ ነው የሚቆመው።

በአንድ ጊዜ ሁለት ጆርናል ላይ መላክ ክልክል ነው። ይህን የማያውቅ ሰው አለ፤ እንደ ሥራ ማመልከቻ ይበትነዋል።

የማራኪ_ልጅ

ዶክተርዬ (ቀድሜ ልበልሽ) ተባረኪ። ግን ብሩስ? ኦፕን አክሰስ ክፍያውን ሳየው ራሴን ያዞረኛል። ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ የሚሉ አሉ።

የላይብረሪው

ይህ የኔ ነው።

ከላይ ከተጠቀሱት አብዛኞቹ ድብልቅ የሚባሉት ናቸው። ሁለት በር አላቸው። በአንዱ ትከፍያለሽ፣ ጽሑፉ ለዓለም ክፍት ይሆናል። በሌላው ምንም አትከፍዪም፤ አንባቢው ወይም ዩኒቨርሲቲው ይከፍላል። ከተቀበሉሽ በኋላ ቅጹ ላይ የትኛውን እንደምትፈልጊ ይጠይቁሻል። የደንበኝነቱን መንገድ ምረጪ፣ በቃ። ጥራቱ ላይ ለውጥ የለውም። እህቴ ከዚህ በፊት የሸሸሽው ጆርናል ካለ ክፍያው ግዴታ መስሎሽ ነው የሸሸሽው።

ሙሉ በሙሉ ክፍት የሆኑት ላይ ደግሞ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለእንደኛ ዓይነት አገር ክፍያ ይምራሉ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው መርሐ ግብር አገሮችን በሁለት ምድብ ይከፍላል፤ ኢትዮጵያ ምድብ ኤ ውስጥ ናት። ምህረቱን ስትልኪ ወይም ከመላክሽ በፊት ጠይቂ። ተቀብለውሽ ደረሰኝ ከወጣ በኋላ መጨቃጨቅ ሌላ ጣጣ ነው። ምህረቱ በአብዛኛው ድብልቆቹን እንደማይጨምር ግን ልብ በይ።

ዘአዘዞ ስለ ክፍያ ግድግዳ ላነሳው፦ የዚያው መርሐ ግብር አባል በሆኑ ተቋማት ውስጥ ብዙ ሺህ ጆርናል በነጻ ይነበባል። የይለፍ ቃሉ ላይብረሪ ነው ያለው። መጥቶ የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ሁሉም ቴሌግራም ላይ ፒዲኤፍ ይለምናል። የተቀበሉሽን የመጨረሻ ረቂቅ ደግሞ፣ አሳታሚው የሚፈቅደውን ጊዜ ጠብቀሽ፣ የዩኒቨርሲቲ ማኅደር ላይ ማስቀመጥ ትችያለሽ። ከዚያ ክለቡም ሆነ መምሪያው በነጻ ያነበዋል።

አፍሪካ ውስጥ ያሉትን ከፈለግሽ ኤጆል የሚባለውን ድረ ገጽ አገላብጪ። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። የአገራችንም የደቡብ አፍሪካም ጆርናሎች እዚያ ይገኛሉ። የገጽ ክፍያ የሚጠይቁ ስላሉ ቀድመሽ እዪ።

ባህሬ_ከእንጦንስ

ጣልቃ ልግባ፤ ሶሺዮሎጂ ነው የሠራሁት። ስለ ቃለ መጠይቆቹ ማንም ያላነሳው ነገር አለ።

"አንድ የክለብ ሥራ አስኪያጅ እንደተናገሩት" ብለሽ ስትጽፊ ስም የደበቅሽ ይመስልሻል። ሊጉ ውስጥ ያሉት ክለቦች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። "በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሚገኝ፣ አንድ ጊዜ ሻምፒዮን የሆነ ክለብ" ብለሽ ፋሲልን ከማን ልትደብቂ ነው? አንድ ዓመት ብትጠቅሺ ሥራ አስኪያጁ ማን እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ሰውየው ስለ ከተማ አስተዳደሩ ክፉ ተናግሮ ከሆነ እንጀራው ነው።

ስለዚህ ሁለት መንገድ አለሽ። ወይ ክለቡን በግልጽ ትጠሪያለሽ፤ ከዚያ የሚያስጠይቀውን ንግግር ከሰው ነጥለሽ "ከአመራሩ አንዱ" ብለሽ ታቀርቢያለሽ፣ ሥልጣኑንና ዓመቱን ትተሽ። ወይ ደግሞ የተለያዩ ክለቦችን አንድ ላይ አድርገሽ መለያቸውን ታጠፊያለሽ። ሁለተኛው ለአመራሩ ደኅንነት ይሻላል፤ ግን የጎንደርን ታሪክ ይበላብሻል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን መርጬ የምጠቅሰውን ንግግር ወስጄ ለራሳቸው አሳያቸው ነበር።

ኤቲካል ክሊራንስ፣ የጥናት ሥነ ምግባር ኮሚቴ የሚሰጠው የፈቃድ ደብዳቤ፣ አለሽ? የፈቃድ ቅጹ ላይ "ለኅትመት" የሚል ቃል አለ ወይስ "ለመመረቂያ ጽሑፍ ብቻ" ነው የሚለው?

የማራኪ_ልጅ

ወይኔ። "ለመመረቂያ ጽሑፍ" ነው የሚለው። ክሊራንሱስ አለ።

ባህሬ_ከእንጦንስ

ኮሚቴውን ጠይቂ። አብዛኛውን ጊዜ ሰዎቹን እንደገና አግኝተሽ ለኅትመት መፍቀዳቸውን በአጭር ቅጽ አስፈርሚ ይሉሻል። ስልክ የምትችይውን በስልክ ጀምሪ። ያልፈቀደ ካለ ንግግሩን ታወጪያለሽ። ይህን ሳታደርጊ አትላኪ፤ ጆርናሉ የክሊራንስ ቁጥርሽን ይጠይቃል።

12ኛው_ተጫዋች

የደጋፊውንስ አትርሱት። እኔ ቃለ መጠይቅ ብጠየቅ የምናገረው ሞልቶኛል። ድሮ እኮ ጨዋታ ባለበት ቀን ስታዲየሙ አካባቢ ሻይ ቤቱ፣ ባጃጁ፣ ቆሎ ሻጩ ሳይቀር ይጠቀም ነበር። ከ2013 ወዲህ ግን ቤት ቁጭ ብሎ ወይ ዲኤስቲቪ ያለበት ቤት ሄዶ ማየት ሆነ። ታናሽ ወንድሜ ፋሲልን በአካል አይቶት አያውቅም፤ የአርሰናል ደጋፊ ነው። ማሊያም ገዝቷል።

እናት_ጎንደር

ይህ ሁለተኛው ጽሑፍ ነው፣ የማራኪ ልጅ! ክለቡን በስክሪን ብቻ ያወቀ ትውልድ ከክለቡ ጋር ያለው ቁርኝት ምን ይመስላል? ስታዲየም ገብቶ ያደገውና ያልገባው ይለያያሉ ወይ?

ለዚህ መጠይቅ ከባዶ አትሥሪ። የደጋፊና የቡድን ቁርኝት የሚለካበት፣ ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት ባለ ሰባት ጥያቄ መለኪያ አለ። ዋንና ብራንስኮም ያወጡት ነው። ወደ አማርኛ ስትመልሺው አንዱ ይተርጉም፣ ሌላው ዋናውን ሳያይ መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ያዙረው፣ ከዚያ አስተያዪው። እንዴት እንዳደረግሽው ጽሑፉ ላይ ጻፊ። ገምጋሚዎች ይህን ይጠይቃሉ።

አንድ መረጃ ቆራርሶ አምስት ጽሑፍ ማድረግ ግን ነውር ነው። ያንቺ ሁለት የተለያየ ጥያቄ ስለሆነ ችግር የለውም። ሁለተኛውን ስትልኪ ስለ መጀመሪያው ለኤዲተሩ ንገሪው።

ዘአዘዞ

ስለ አማካሪ ማንም አላነሳም። ቴሲሱን አንድ ቀን ያላነበበ አማካሪ ስሜ መጀመሪያ ይግባ ሲልስ?

መምህር_ዘቸቸላ

ጨዋ ጥያቄ አይደለም፣ ግን እውነት ነው። አሁን ብዙ ጆርናል ማን ምን እንደሠራ በዝርዝር ያስሞላል። ክሬዲት የሚባለው ዝርዝር 14 የሥራ ድርሻ አለው፤ ሐሳብ ማፍለቅ፣ መረጃ መሰብሰብ፣ መተንተን፣ ረቂቅ መጻፍ፣ መከታተል እያለ ይሄዳል። ከመጻፍ በፊት ቅጹን አውርደሽ ከአማካሪሽ ጋር በትሕትና ሙዪው። "ጋሼ፣ ጆርናሉ ይህን ይጠይቃል" በይ። ቅጹ ይናገርልሽ፣ አንቺ አትጣዪ። በደንብ ያማከረሽ ከሆነ ደግሞ ሁለተኛ ሆኖ መግባቱ ክብሩ ነው፤ ቅር አይልሽ።

ሳሙና_በር

ቻትጂፒቲስ? እንግሊዝኛዬን ያስተካክልልኝ ብላ ብትጠቀምበት ያባርሯታል?

እናት_ጎንደር

ቋንቋ ለማቃናት ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፤ ግን መጠቀምሽን ጻፊ ይላሉ። ደራሲ ተደርጎ ስሙ አይገባም። ደንቡ ከጆርናል ጆርናል ስለሚለያይ የየራሳቸውን ገጽ እዪ። አደጋው ዋቢ ላይ ነው፤ የሌለ ጽሑፍ ከነደራሲው፣ ከነዓመቱ ፈጥሮ ይሰጥሻል። አንብበሽ ያልያዝሽውን ጽሑፍ አትጥቀሺ። የተሳታፊዎችሽን ቃለ መጠይቅም እዚያ አታስገቢ፤ ባህሬ ያነሳችው ምስጢር የሚባለው ነገር እዚያ ላይ ያልቃል።

ከገምጋሚ የሚመጣው አስተያየት ላይም ልናገር፤ ያኔ ነው ሰው ተስፋ የሚቆርጠው። "ሜጀር ሪቪዥን" ማለት ብዙ አስተካክለሽ መልሺው ማለት ነው እንጂ እምቢ ማለት አይደለም። ጥሩ ዜና ነው። እያንዳንዱን አስተያየት ቅጂ፣ ከሥሩ ምን እንዳደረግሽና በየትኛው ገጽ እንደሆነ ጻፊ። የማትስማሚበት ካለ ምክንያትሽን በጨዋነት ተናገሪ፤ መብትሽ ነው። ጊዜው ካልበቃሽ ቀኑ ሳያልፍ ለኤዲተሩ ጻፊለት። ክልላችን ውስጥ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ ባለው ዋይፋይ ሁለት መስመር ጽፈው ጊዜ ያስረዘሙ ሰዎች አሉ። ዝም ያሉት ናቸው ፋይላቸው የተዘጋው።

የማራኪ_ልጅ

እሺ። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ጥያቄውን እንደገና ጻፍኩት። መምህር፣ ይዩልኝማ፦

"በኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከ2013 ጀምሮ በተመረጡ ከተሞች የሚካሄደው የውድድር ሥርዓት በክለቦች የገቢ ምንጭ፣ የፋይናንስ አስተዳደር፣ የተጫዋቾች ደሞዝ፣ የደጋፊ ተሳትፎና ከመንግሥት ጋር ባለ ግንኙነት ላይ ያሳደረው ተጽዕኖና የታዩ ተግዳሮቶች።"

መምህር_ዘቸቸላ

"ተግዳሮቶች" በመስኮት ተመልሳ ገባች!

ደሞዙን አውጪው። ክለቦቹ በ2011 መጨረሻ ከወር 50,000 ብር በላይ ላለመክፈል ተስማምተው እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ እሱ ራሱን የቻለ ትልቅ ጉዳይ ነው፣ ለሌላ ቀን ይሁን። ደጋፊውን ለሁለተኛው ጽሑፍ አስቀምጪው። የቀረው ይህ ነው፦ የሜዳ ገቢውን ያጣ፣ በከተማ በጀት የሚኖር ክለብ ጥገኝነቱን እንዴት ይይዘዋል? አንድ ክለብ፣ ፋሲል። በፊትና በኋላ። የገንዘብ ሰነድና የአመራር ቃለ መጠይቅ። ያ ነው ጽሑፍሽ።

ግን አንድ ነገር ይጎድልሻል። "በኋላ"ው አለሽ። "በፊት" ከ2013 በፊት የትኬት ገቢው ከጠቅላላው ምን ያህል እንደነበር ታውቂያለሽ? እሱ ከሌለ ገምጋሚው "ቀነሰ ያልሽው ከምን ነው?" ይልሻል። የበጀት ሰነዱን ለማየት ከክፍልሽ የትብብር ደብዳቤ አጽፊ፤ ለክለቡም ለከተማው ፋይናንስም ለየብቻ። ኦዲት ሪፖርት ካለ እሱን ጠይቂ።

የማራኪ_ልጅ

ክለቡን ጠይቄ ነበር። የድሮው የትኬት ሽያጭ በወረቀት ነው፣ የት እንዳለ አናውቅም አሉኝ።

12ኛው_ተጫዋች

በር ላይ ትኬት ይቆጣጠር የነበረ ሰው አውቃለሁ። የየጨዋታውን ሽያጭ በደብተር ይጽፍ ነበር። ደብተሮቹን አልጣለም፤ ባለፈው እንኳ ስለ 2011 ስንከራከር አውጥቶ አሳይቶናል። ሰውየው ፈቃደኛ ከሆነ አገናኝሻለሁ። በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

መምህር_ዘቸቸላ

ካገኘሽው ከክለቡ የባንክ ገቢ ጋር አስተያዪው። ደብተር ብቻውን ለገምጋሚ አይበቃም። እያንዳንዱን ገጽ ከነቀኑ ፎቶ አንሺ፣ ዋናውን ለባለቤቱ መልሺ።

ባህሬ_ከእንጦንስ

እና ያስፈርሙት! "ለኅትመት" የሚለው ቃል ይኑርበት።

የማራኪ_ልጅ

ጻፍኩልህ፣ 12ኛው።